የአሜሪካ ኮሌጅ ኤሴ፦ "ስለምን ልጻፍ?" ለምትሉ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከነሐሴ መጨረሻ ጀምሮ ቴሌግራሜ በአንድ ጥያቄ ነው ሚጥለቀለቀው፣ ለኮሌጅ ማመልከቻው ኤሴ (ስለራስ የሚጻፈው አጭር ጽሑፍ) ስለምን ልጻፍ? ግማሾቹ አዲስ አበባና ባህር ዳር ሆነው ስኮላርሺፕ የሚያመለክቱ ልጆች ናቸው፣ ግማሾቹ ደግሞ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያደጉ የሀበሻ ልጆች (እውነቱን ለመናገር እናቶቻቸው ናቸው ሚደውሉት)። እኔ አድሚሽን ኦፊሰር (ኮሌጅ ውስጥ ማመልከቻ አንብቦ ማን እንደሚገባ የሚወስን ሰው) አይደለሁም፣ ገንዘብም አልቀበልም፣ ራሴ ከአዲስ አበባ አመልክቼ የመጣሁ ከዛ ወዲህ ደግሞ የሰው ድራፍት ማንበብ ሱስ የሆነብኝ ሰው ነኝ። ያንኑ መልስ ለመቶ ሰው ከምጽፍ አንዴ ሰብሰብ ላድርገው ብዬ ነው።

ውጤቴ ጥሩ ነው፣ ኤሴው ለምን ይሄን ያህል ይካበዳል?

ጥሩ ውጤት ያለህ አንተ ብቻ ስላልሆንክ። ትራንስክሪፕትህ ስንት እንዳመጣህ ይናገራል፣ ሪኮመንዴሽኑ መምህርህ ስላንተ የሚለውን ይናገራል፣ አንተ በራስህ አፍ የምታወራበት ቦታ ኤሴው ነው። ግን አትሳሳት፣ ደካማ ውጤት በኤሴ አይድንም። ኤሴው የሚሰራው ውጤታቸው ከሚመሳሰል ብዙ ልጆች መሀል አንዱን ሰው ሲያደርገው ነው።

የኮመን አፕ (በአንድ ማመልከቻ ብዙ ኮሌጅ የሚሞከርበት ድረ ገጽ ነው) ዋናው ኤሴ ቢያንስ 250 ቢበዛ 650 ቃል ነው። 650 ቃል ማለት አንድ ገጽ ከምናምን ነው እኮ፣ የሕይወት ታሪክ አይገባበትም። አብዛኛው ድራፍት የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው፣ ከልደት እስከ 12ኛ ክፍል ሁሉንም ለመክተት ሲሞከር።

ከሰባቱ ፕሮምፕት (የኮመን አፕ መነሻ ጥያቄዎች) የቱ ይሻላል?

የትኛውም። ሰባተኛው ራሱ "የፈለጋችሁትን ጻፉ" ነው ሚለው። መጀመሪያ ታሪኩን አግኙ፣ ፕሮምፕቱ በኋላ ይለጠፍበታል። ብቻ ስለ ምስጋና የሚጠይቀውን ከመረጣችሁ ተጠንቀቁ፣ የኛ ልጆች በጣም ይወዱትና ስለ ደጉ ሰውዬ 600 ቃል ጽፈው ይጨርሳሉ፣ ጥያቄው ግን ያ ደግነት እናንተን ምን አደረጋችሁ ነው።

እኔ ምንም የተለየ ነገር የለኝም። ኦሎምፒያድ አላሸነፍኩም፣ ኤንጂኦ አልመሰረትኩም። ስለምን ልጻፍ?

ይሄ ጥያቄ ከሁሉም በላይ ነው ሚመጣው፣ ስለዚህ ትንሽ ልዘርዝረው።

አንድ ልጅ ነበር፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው ሚኖሩት። የመጀመሪያ ድራፍቱ "በታዳጊ አገሮች የመሠረተ ልማት እጥረት ወጣቱን ይፈትነዋል" ብሎ ይጀምራል። ዜና አንባቢ ነህ እንዴ አልኩት፣ ሳቀ። ቪዲዮ ኮል ላይ ነበርንና ከኋላው ቢጫ ጀሪካኖች ተደርድረው አየሁ፣ ስንት ናቸው ስለው ዞር ብሎ እንኳን ሳያይ "አስራ አንድ፣ ሁለቱ ያፈሳሉ" አለኝ። ውሃ መቼ ነው ሚመጣላችሁ? "ማክሰኞ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ፣ ግን ሰኞ መብራት ከጠፋ ወደ ረቡዕ ይገፋል"። እንዴት አወቅክ ስለው ደብተር አለኝ አለ።

ለካ ከስምንተኛ ክፍል ጀምሮ ውሃ የመጣበትን ቀንና ሰዓት በሒሳብ ደብተሩ ጀርባ ሲመዘግብ ነው የኖረው። ማንም አላዘዘውም። ከዛ ጎረቤት ሁሉ "ዛሬ ይመጣል?" እያለ በራቸውን ማንኳኳት ጀመረ፣ እሱም ይተነብያል። አንድ ቀን ተሳሳተ፣ ሦስተኛ ፎቅ ያሉ እትዬ ቧንቧውን ከፍተው ባልዲ ደቅነው ሌሊቱን ሙሉ ሲጠብቁ አደሩ፣ ጠዋት ደረጃ ላይ ሲያገኙት "እንዴት አደርክ ነቢዩ" አሉት። ልጁ አፈረ፣ እና ምን አደረገ መሰላችሁ፣ ደብተሩ ላይ አንድ ዓምድ ጨመረ፣ "እርግጠኛ" ወይም "ምናልባት" የሚል። ከዛን ቀን በኋላ ለሰው ሲናገር ሁለቱን ለይቶ ነው ሚናገረው።

ኤሴው ያ ደብተር ሆነ። መሠረተ ልማት የሚል ቃል አንድም ቦታ የለበትም፣ ስታቲስቲክስ መማር እፈልጋለሁም አላለም፣ አንባቢው ግን ያንን ልጅ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብሎ ያየዋል።

ስለዚህ "ምን የተለየ ነገር አለኝ" ብላችሁ አትጀምሩ፣ ጭንቅላት ያደርቃል። ይልቅ ቤት ውስጥ "እሱን ጠይቁት፣ እሷን ጠይቋት" የምትባሉበት ነገር ምንድነው? ማንም ሳያዛችሁ የምትሰሩትስ? ሌላው ሰው "ምን አስጨነቀህ" እያለ እናንተን ግን እንቅልፍ የሚነሳችሁ? እንዲህ አይነቱን ጥያቄ ሦስት አራት ቀን ይዛችሁት ዙሩ፣ ታክሲ ውስጥም ቢሆን። ስልካችሁ ላይ መመዝገብ አትርሱ፣ ጥሩው ሀሳብ ሁሌ ሻወር ላይ ነው ሚመጣው (ውሃ ካለ)።

ስለ ጦርነቱ፣ ስለ ሞት፣ ስለ ድህነታችን ልጻፍ ወይስ ይቅር?

ግዴታ የለባችሁም። ይሄን ደጋግሜ ነው ምለው፣ ምክንያቱም "ፈረንጅ ሲያለቅስ ያስገባል" የሚል ወሬ አለ፣ ልጆች ያልደረቀ ቁስላቸውን እየነካኩ ይጽፋሉ፣ አንዳንዱ ደግሞ የጎረቤቱን ሀዘን ተውሶ ይጽፋል፣ እሱ ውሸት ነው።

መጻፍ ካለባችሁ ግን የምመዝንበት ነገር አለኝ፦ ጽፋችሁ ስትጨርሱ አንባቢው ስለደረሰባችሁ ነገር ብቻ ነው ሚያውቀው ወይስ ስለ እናንተም? 600 ቃል ስለ ቦምቡ፣ 50 ቃል ስለ እናንተ ከሆነ ሚዛኑ ተዛብቷል። ደግሞ እያነበባችሁት እጃችሁ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ዘንድሮ ለሱ ጊዜው አይደለም።

ሌላ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር፣ ኮመን አፕ ላይ ከኤሴው ውጪ ያጋጠማችሁን ችግርና ሁኔታ የምትገልጹበት ለብቻው 250 ቃል የሚይዝ ቦታ አለ። ትግራይ ውስጥ ከኮቪድ ጀምሮ እስከ ጦርነቱ ማብቂያ ትምህርት ቤት የተዘጋባችሁ፣ አማራ ክልል ሆናችሁ ኢንተርኔት ተቋርጦባችሁ የከረማችሁ፣ ተፈናቅላችሁ ትራንስክሪፕታችሁ የተቆራረጠ ካለ እዛ ጋ ደረቅ አድርጋችሁ ጻፉት፣ ከመቼ እስከ መቼ፣ ምን ተዘጋ፣ እናንተ ምን አደረጋችሁ። ያኔ ዋናው ኤሴ ነጻ ይወጣል፣ ስለ ደብተርም ስለ እርግብም መጻፍ ትችላላችሁ።

ስለ አድዋ ወይ ስለ ቡና ሥነ ሥርዓታችን ብጽፍስ? አገሬን ላስተዋውቅ ብዬ ነው።

የካቲት 23 ቀን 1888 አንተ አልነበርክም። አድዋን ማወቅ የፈለገ አንባቢ መጽሐፍ አለለት፣ የሚፈልገው አንተን ነው።

ቡናም እንደዛው፣ አቦል ቶና በረካ እያሉ መዘርዘር የቱሪስት ብሮሹር ነው። ግን ለምሳሌ አንተ የቤቱ ትልቅ ወንድ ልጅ ሆነህ እናትህ ስትታመም ቡና ማፍላት የጀመርክ፣ መጀመሪያ ቀን አሳርረህ ሴቶቹ ፊት ሳቅ የሆንክ፣ ከዛም የሰፈሩን ጉዳይ ሁሉ እዛ በርጩማ ላይ ቁጭ ብለህ የሰማህ ከሆነ፣ በል ና እንነጋገር።

እዚህ አሜሪካ ነው የተወለድኩት። ስለ ሀበሻነቴ መጻፍ አለብኝ?

አለብኝ የሚል ነገር የለም። የእንጀራው ኤሴ ግን ይቅር፣ "ምሳዬን ስከፍት ልጆቹ ይሄ ምንድነው አሉኝ፣ አፈርኩ፣ አሁን ግን እኮራለሁ"። እውነተኛ ነው፣ ይገባኛል፣ ግን ያንኑ ታሪክ ኮሪያዊውም ሕንዳዊውም በራሱ ምግብ ጽፎታል፣ አንባቢዎቹ በቃ ጠግበውታል።

እዚህ ቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ ያለች አንዲት ልጅ የዛሬ ሁለት ዓመት ከሱ ጀመረች። ሌላ ነገር ንገሪኝ ስላት፣ እናቷን ሐኪም ቤት ይዛ እየሄደች እንደምታስተረጉም እንደ ቀላል ነገር ጣል አደረገችው። የመጀመሪያ ቀን አስራ አንድ ዓመቷ ነው፣ እናትየው "ምች መታኝ" ይላሉ፣ ልጅቷ ምች ምን እንደሆነ አታውቅም፣ "መታኝ"ን ግን ታውቃለች፣ ስለዚህ እናቴ ተመታች ብላ ለሐኪሟ ተረጎመችው። ሐኪሟ ወንበሯን ጠጋ አደረገች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ "ማነው የመታት? ቤት ውስጥ ነው?" ብላ ጠየቀች። አባቷ ውጪ መኪና ውስጥ ቁጭ ብሏል። ያንን ለማስተካከል ሃያ ደቂቃ ፈጀባቸው፣ በመጨረሻ የተዳነው በከንፈራቸው ቁስል ነው፣ እናትየው በጣታቸው እያሳዩ።

ከዛ ወዲህ ልጅቷ ከየቀጠሮው በፊት እናቷን መኪና ውስጥ ታጠናለች። ራሴን ይፈልጠኛል፣ ወገቤን ይቆርጠኛል፣ ሆዴን ይነፋኛል፣ እነዚህ ሁሉ ሐኪሙ ጋ ሲደርሱ "ከአንድ እስከ አስር ስንት ያምሻል" ይሆናሉ፣ እናቷ ደግሞ ሁሌ አምስት ነው ሚሉት፣ ከፍ ካደረጉት ጉረኛ ይመስላቸዋላ። ልጅቷ የእናቷ አምስት የሌላ ሰው ስምንት መሆኑን ለሐኪሙ መንገር የሷ ሥራ እንደሆነ የገባት እዛ ጋ ነው። ይሄው፣ ሀበሻነቷም አለበት፣ ብልህነቷም አለበት፣ እንጀራ ግን የለበትም።

ሕጉንም ለሚጠይቁ፦ ጁን 29 ቀን 2023 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ኮሌጆች ዘርን እንደ አንድ መስፈርት እንዳይጠቀሙ ወስኗል። ዋና ዳኛው ጆን ሮበርትስ በጻፉት ውሳኔ ላይ ግን አንድ አመልካች ዘሩ ሕይወቱን እንዴት እንደነካው ቢጽፍ ኮሌጁ ያንን ከማየት አይከለከልም፣ ከዛ ልጅ ባሕርይ ወይ ችሎታ ጋር እስከተያያዘ ድረስ ይላል። ስለዚህ መጻፍ ይቻላል፣ ብቻ "እኔ ጥቁር ነኝ፣ ሀበሻ ነኝ" ብሎ ማቆም ሳይሆን ከዛ ተነስታችሁ ያደረጋችሁት ነገር ነው ሚፈለገው።

ስለ እናቴ መጻፍ እፈልጋለሁ። ጀግናዬ ናት።

ናቸው፣ አልጠራጠርም። ግን እሳቸውን ነው እንዴ ዶርም ሚያስገቧቸው? ድራፍቱ ግማሽ ሲደርስ "እኔ" ካልመጣ እንደገና ጀምሩ።

"እኔ እንዲህ ነኝ" ማለት ያሳፍረኛል፣ ጉራ አይሆንም?

ይሄን ጥያቄ ፈረንጅ ልጅ አይጠይቀውም፣ እኛ ግን አትንጠራራ እየተባልን ነው ያደግነው። ክለብ የመሰረተው እሱ ሆኖ "መሰረትን" ብሎ ነው ሚጽፈው፣ ማን ማን ናችሁ ስትለው "እኔና... እኔ ነኝ" ይልሃል። ትህትናውን ውደዱት፣ ግን "እኛ" የምትሉት በእውነት እኛ ስትሆኑ ብቻ ይሁን።

ጉራ ላለመሆን መፍትሄው ቅጽል መጣል ነው። ታታሪ ነኝ፣ ቁርጠኛ ነኝ፣ መሪ ነኝ የሚሉትን በሙሉ አጥፉና ያደረጋችሁትን ብቻ ተዉት። የውሃው ልጅ አስተዋይ ነኝ አላለም፣ ዓምድ ጨመርኩ ነው ያለው።

በተቃራኒው ደግሞ ሰምና ወርቅ የሚያበዙ አሉ፣ ሁሉን ነገር ሸፍኖ አንባቢው እንዲፈታው መተው። አንባቢያችሁ በቀን ስንትና ስንት ፋይል ነው ሚያገላብጠው፣ ቅኔ እስኪፈታ አይጠብቃችሁም።

ዶክተር ሆኜ ሀገሬን ማገልገል እፈልጋለሁ ብዬ ብጨርስስ?

ሁሉም እንደዛ ነው ሚጨርሰው። ይቅር።

መጀመሪያ በአማርኛ ጽፌ ብተረጉመውስ?

በአማርኛ አስቡት፣ አውሩት እንጂ አትተርጉሙት። እኔ የማደርገው፣ ለምትቀርበው ሰው አምስት ደቂቃ ቮይስ ላክ እላለሁ፣ ታሪኩን እንደ ወሬ ንገረው፣ ከዛ ራስህ አዳምጠው። የት ጋ ነው ድምጽህ የሚፈጥነው፣ የት ጋ ነው የምትስቀው፣ ኤሴው እሱ ጋ ነው ያለው። ከዛ ቮይሱን ዘግተህ በእንግሊዝኛ እንደ አዲስ ጻፍ፣ በምታውቃቸው ቃላት። የኤስኤቲ (የኮሌጅ መግቢያ ፈተናው) ቃላት አትደርድር፣ ያስታውቃል።

ቻትጂፒቲ ቢጽፍልኝስ?

ኮመን አፕ ላይ በኤአይ የተጻፈን ነገር የራሴ ነው ብሎ ማቅረብ ማጭበርበር ነው ተብሎ በግልጽ ተቀምጧል፣ እያንዳንዱ ኮሌጅም የራሱ ሕግ አለው፣ ገብታችሁ አንብቡ። ከሕጉ ውጪ ደግሞ፣ እሱ ጀሪካኖቹ ስንት እንደሆኑ አያውቅም፣ ሁለቱ እንደሚያፈሱማ ጭራሽ። አምና ሦስት ልጆች በአንድ ሳምንት "የአያቴ እጆች የጥበብን ድርና ማግ ሲሸምኑ" የሚል አይነት አረፍተ ነገር ልከውልኛል፣ ሦስቱም አይተዋወቁም።

ወላጆቼ ገንዘብ እንደሌላቸው ኤሴው ላይ ልጻፍ? ፉል ስኮላርሺፕ ነው ምፈልገው።

ለገንዘቡ ሌላ ፎርም አለው፣ ብዙ የግል ኮሌጆች ሲኤስኤስ ፕሮፋይል ያስሞላሉ፣ የቤተሰባችሁ ገቢ እዛ በቁጥር ይገባል። ኤሴው ላይ "እባካችሁ እርዱኝ" ማለት ቦታ ማባከን ነው። ሀርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤምአይቲ፣ አምኸርስት፣ ዳርትመዝና ቦውዶይን ከውጭ አገር የሚመጣውንም ልጅ የመክፈል አቅሙን ሳያዩ ነው ሚወስኑት፣ ሌሎች ብዙዎቹ ግን ከውጭ ለሚያመለክት ልጅ አቅሙንም ከግምት ያስገባሉ፣ ለዛም የኤሴ ልመና ምንም አይለውጠውም። አዲስ አበባ ያላችሁ በአሜሪካ ኤምባሲ በኩል ስለ አሜሪካ ትምህርት የሚያማክር ኤዱኬሽን ዩኤስኤ አለላችሁ፣ ብር ተቀብሎ "አስገባሃለሁ" የሚል ሰው ጋ ከመሄዳችሁ በፊት እነሱን ጠይቁ።

ድህነቱ የታሪኩ አካል ከሆነ ግን አትደብቁት። ጀሪካኑ ራሱ እኮ ይናገራል።

አንዱን ኤሴ ለሁሉም ኮሌጅ መላክ ይቻላል?

ዋናውን አዎ፣ ኮመን አፕ ለሚጠቀሙት ሁሉ እሱው ይሄዳል። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲዎች (ዩሲ ሚባሉት) የራሳቸው ማመልከቻ አላቸው፣ ከስምንት ጥያቄ አራት ትመርጣላችሁ፣ እያንዳንዱ እስከ 350 ቃል። ኤምአይቲም የራሱ አለው፣ አንድ ረጅም ሳይሆን በርከት ያሉ አጫጭር። ስታንፎርድ ዶርም አብሯችሁ ለሚኖረው የወደፊት ጓደኛችሁ ደብዳቤ ያስጽፋል፣ እሱ ላይ ዘና በሉ።

"ለምን እኛን መረጥክ" የሚለው ሰፕሊመንት (ኮሌጁ ለብቻው የሚጠይቀው ተጨማሪ ኤሴ) ግን ኮፒ ፔስት አይወድም። እኔ ራሴ የአንዱን ኮሌጅ ስም በሌላው ኤሴ ውስጥ ትቼ ልኬ አውቃለሁ፣ ያውም ሁለት ቦታ። አልተቀበሉኝም፣ አልፈርድባቸውም።

መቼ ልጀምር?

ኮመን አፕ በየዓመቱ ኦገስት 1 ነው ሚከፈተው፣ ሐምሌ 25 አካባቢ ማለት ነው። ኧርሊው፣ ቀድሞ የሚዘጋው ዙር፣ ብዙ ቦታ ኖቬምበር 1 (ጥቅምት 22 ገደማ)፣ ሬጉላሩ፣ መደበኛው ዙር፣ ጃንዋሪ መጀመሪያ፣ ማለትም ታኅሣሥ ማለቂያ ላይ ይዘጋል። ርዕስ ፍለጋው ክረምት ላይ ቢያልቅ ጥሩ ነው፣ መስከረም ከገባ ትምህርቱም በዓሉም ይደራረባል። ደግሞ 11:59 ፒኤም ሲሉ በኛ ሰዓት ሌሊት 5:59 ነው፣ በዚህ የተሸወደ ልጅ አውቃለሁ። ኔትወርክ ከምትለምኑ ሁለት ቀን ቀድማችሁ ላኩት።

ስንት ሰው ያንብብልኝ?

ሁለት። አንዱ በደንብ የሚያውቃችሁ፣ "ይሄ አንተ አይደለህም" የሚል፣ ሌላው ጭራሽ የማያውቃችሁ፣ ያልገባውን የሚጠይቅ። ከሦስት ካለፈ የኮሚቴ ደብዳቤ ይሆናል። የአንዱ ልጅ አባት መግቢያው ላይ "ከሦስት ሺህ ዓመት በላይ ታሪክ ያላት ኢትዮጵያ" የሚል አስገብተውበት፣ ልጁም አባቴን አላስከፋም ብሎ ሊልከው ነበር፣ ለአባትየው ራሴ ደውዬ ነው ያስወጣሁት። ተኮራርፈን ለጥምቀት ታርቀናል።

ርዕሴ ጥሩ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ስማችሁን አጥፉና አንድ የክፍል ጓደኛችሁ ቢፈርምበት ያስኬዳል ወይ ብላችሁ እዩት። ካስኬደ ገና ነው፣ ወደ ታች ውረዱ፣ ወደ ዝርዝሩ። ሌላው ምልክት፣ ጽፋችሁ ስትጨርሱ ትንሽ ካፈራችሁ፣ "ይሄን ለማያውቀኝ ሰው ልልክ ነው?" ካላችሁ፣ ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

የውሃው ልጅስ ገባ?

ይሄን ሁሉም ይጠይቀኛል። አስራ አንድ ቦታ አመለከተ (ልክ እንደ ጀሪካኖቹ፣ እሱ ነው የቀለደው)፣ አስሩ አይሆንም አሉት፣ አንዱ ሙሉ ወጪውን ችሎ ወሰደው። ደብተሩን ለታናሽ እህቱ ትቶላት ነው የሄደው። ባለፈው ስደውልላቸው እሷ አነሳችው፣ ማክሰኞው ወደ ሐሙስ ዞሯል አለችኝ፣ ከዛ ትንሽ ዝም ብላ "ምናልባት" አለች።